ጂም ኮርቤት፦ ሰው በላውን ገድሎ ጥርሱን የሚያይ አዳኝ

በ1907 በሰሜን ሕንድ፣ ኩማዮን በሚባለው ተራራማ አገር አንዲት ታይገር በጥይት ተገደለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ቀን ድረስ ይቺ አንዲት እንስሳ የገደለቻቸው ሰዎች ቁጥር 436 ደርሶ ነበር። አዎ፣ አራት መቶ ሠላሳ ስድስት! በጠራራ ፀሐይ ሰው እየነጠቀች ስለምትሄድ ሣር ማጨድ፣ እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት ሁሉ የሞት ሥራ ሆኖ ነበር። መንደርተኛው በሩን ዘግቶ ነበር የሚውለው።

የገደላት ሰው ግን ቆዳዋን ይዞ ብቻ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ክራንቻዎቿ ተሰብረዋል፤ የላዩ ከግማሹ፣ የታቹ ደግሞ እስከ አጥንቱ ድረስ። የቆየ የጥይት ጉዳት ነው። ይቺ ታይገር ሰው መብላት የጀመረችው የተለየ ክፋት ኖሯት አይደለም። ድሮ ትበላው የነበረውን ማደን ስላቃታት ነው።

ይሄ ሰው ጂም ኮርቤት ይባላል። በዓለም ላይ ስለ ሰው በላ አራዊት ከተጻፉት መጻሕፍት በጣም የታወቁት የእሱ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጀግንነቱ ላወራችሁ አይደለም የመጣሁት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር በእጥረትና በምርጫ ዓይን ማየት ይወዳል፤ የኮርቤትም ሕይወት በዚያ ዓይን ሲታይ የሚያስተምረው ነገር አለ። ሥጋ በል እንስሳ እንዴት እንደሚያድግ፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚይዝ፣ ማንን እንደሚያጠቃ ከምንም በላይ የሚወስነው ምግቡ ነው። ኮርቤት ይህን ያወቀው በቤተ ሙከራ ሳይሆን ጫካ ውስጥ በእግሩ እየሄደ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ የቃል ነገር እናጥራ። እኛ ነብር የምንለው ነጠብጣብ ያለበትን ነው። ታይገር የምለው ደግሞ እኛ አገር የሌለውን፣ በእስያ የሚኖረውን፣ ጥቁር መስመር ያለበትን ትልቁን ድመት ነው። ኮርቤት ሁለቱንም አድኗል፤ የሁለቱም ታሪክ ግን ለየቅል ነው።

ኮርቤት የተወለደው በሐምሌ 1875 ናይኒታል በምትባል የሕንድ ተራራማ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከአየርላንድ የመጡ ሰዎች ዘር ሲሆን፣ አባቱ የከተማዋ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር። ጂም ስድስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እናቱ ሜሪ ጄን ብዙ ልጆች ይዛ ቀረች። እንግሊዝ በሚገዛው ሕንድ ውስጥ ነጭ መሆን ትልቅ ጥቅም ቢሆንም፣ እንደ ነጭ ቤተሰብ ሀብታም አልነበሩም። ብርዱ ሲበረታ ተራራውን ለቀው ካላዱንጊ ወደምትባል የቆላ መንደር ይወርዱ ነበር፤ ከቤታቸው ደጃፍ ጀምሮ ጫካ ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ግን እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ጫካው ነበር። መጀመሪያ በወንጭፍ፣ ከዚያ አንዱ አፈሙዙ የተሰነጠቀ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ብቻውን ይዞር ነበር። አጋዘኗ ስትደነግጥ እንዴት ትጮኻለች? ዝንጀሮው ከዛፍ ላይ ሆኖ ያየው ታይገር ነው ወይስ ነብር? ዱካው የጠዋት ነው የማታ? እነዚህን እንደ ፊደል ቆጠራቸው። ኋላ የእንስሳትን ድምፅ እየመሰለ መጥራት ሁሉ ቻለ። ዋናው ነገር ግን ማን ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚበላ፣ የት እንደሚበላ በልጅነቱ ማወቁ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ለመርዳት ሥራ ገባ። በምድር ባቡር ድርጅት ለባቡሮች የሚሆን እንጨት የሚያስቆርጥ ተቆጣጣሪ ሆነ። ከዚያ በጋንጅስ ወንዝ ዳር፣ ሞካሜ ጋት በሚባል ቦታ፣ ዕቃ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው የሚያሻግር የኮንትራት ሥራ ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ሠራ። ልብ በሉ፤ ይሄ በዓለም የታወቀ አዳኝ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው የጭነት ሥራ እየመራ ነው። ሰው በላ አራዊትን የሚያድነው በዕረፍት ጊዜው ነበር። አላገባም፤ ዕድሜውን ሁሉ ከእህቱ ከማጊ ጋር ኖረ።

ወደ 1907ቷ ታይገር እንመለስ፤ የቻምፓዋት ሰው በላ ትባላለች። መጀመሪያ ኔፓል ውስጥ 200 ሰው ገድላ፣ የታጠቁ ሰዎች አሳደዋት ወደ ሕንድ ተሻገረች። በአራት ዓመት ውስጥ እዚያም ከ230 በላይ ሰው ገደለች። መንግሥት ለገዳይዋ ሽልማት አውጥቷል፣ አዳኞች ልኳል፣ ወታደር ልኳል፤ ምንም የለም። ኮርቤትን ሲጠይቁት ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ሽልማቱ ይሰረዝ፣ ሌሎቹ አዳኞች ከጫካው ይውጡ። ለገንዘብ አዳኝ መባል አልፈለገም፤ በስህተት በሌላ አዳኝ ጥይት መሞትም አልፈለገም። በእኔ ግምት የሽልማቱ መሰረዝ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሽልማት ሲኖር ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያገኘውን ይተኩሳል፤ ተኩሶ ሳይገድል ያቆሰለው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው በላ ይሆናል። ማበረታቻ በትክክል ካልተቀመጠ ሊያጠፋው የመጣውን ችግር ራሱ ያባዛዋል።

በመጨረሻ ወደ 300 የሚጠጉ መንደርተኞች ከተራራው አናት ሆነው ጣሳ እየደበደቡ፣ እየጮኹ፣ ድንጋይ እያንከባለሉ ታይገሯን ወደ ኮርቤት አባረሩለት። እሱም ገደላት። ከዚያ ነው ጥርሷን ያየው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ታይገር በዓመት 50 ያህል አጋዘን የሚያካክሉ እንስሳት ያስፈልጉታል፤ በሳምንት አንድ ማለት ነው። አብዛኛው የአደን ሙከራው ይከሽፋል። ሲሳካለትም የሚገድለው በክራንቻው ነው፤ ማጅራት ወይም ጉሮሮ ላይ ነክሶ ይይዛል። ክራንቻው ከተሰበረ ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ቀንዳም አጋዘን ይዞ ማስቀረት አይችልም። ከዚያ ምን ይቀረዋል? የማይሮጥ፣ ቀንድ የሌለው፣ ጠረን የማይለይ፣ ጎንበስ ብሎ ሣር የሚያጭድ ፍጡር፤ ሰው። ጤፍ ሲወደድ እናቶቻችን ማሽላ ወይም በቆሎ ይቀላቅላሉ አይደል? ማሽላው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ጤፉ አልደረስበት ስላለ ነው። የታይገሯም ምርጫ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የሙክቴሳር ታይገር የምትባለው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ታደርገዋለች። ይቺኛዋ ከጃርት ጋር ተጋጥማ አንድ ዓይኗ ጠፋ፤ ወደ 50 የሚጠጋ የጃርት እሾህ የፊት እግሯ ላይ ተሰካ። ቁስሏ መግል ቋጠረ፣ ማደን አቃታት፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ቁስሏን ትልስ ጀመር። አንዲት ሴት ለከብቶቿ ሣር እያጨደች እስከ ተኛችበት ድረስ መጣች። ታይገሯ አንድ ጊዜ ብቻ መታቻት፤ ሴትዮዋ ሞተች። አልበላቻትም፤ ጥላት አነከሰች ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ የተደበቀችበትን የወደቀ ግንድ ሊፈልጥ አንድ ሰው መጣ። እሱንም ገደለችው፤ አሁን ግን ርቧታልና ትንሽ ቀመሰች። በማግስቱ ሦስተኛውን ሰው አስባበት፣ ፈልጋው ገደለችው። በኮርቤት ጥይት እስክትወድቅ ድረስ 24 ሰው ጨረሰች።

አያችሁ ደረጃውን? መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ረሃብ፣ ከዚያ ልማድ። ጠባይ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው የተሠራው።

ታዲያ ሰው የበላች ታይገር ግልገሎቿስ? እናታቸው ያመጣችላቸውን የሰው ሥጋ እየበሉ ነውኮ የሚያድጉት። የታይገር ግልገል ሁለት ዓመት ገደማ ከእናቱ ሥር አይለይም፤ ሰውነቱ የሚገነባው እሷ ባመጣችው ሥጋ ነው፣ አደንም የሚማረው ከእሷ ነው። በኮርቤት ዘመን ሰው ሁሉ የሰው በላ ልጅ ሰው በላ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። ኮርቤት ግን ከእናታቸው ጋር ሆነው ሰው ሲገደል የተባበሩ ግልገሎችን ሳይቀር ያውቃል፤ ሆኖም ከእናታቸው ከተለዩ በኋላ ሰው መግደል የቀጠለ አንድም ግልገል እንደማያውቅ ጽፏል። ጥርሳቸው ጤነኛ ነው፣ ጫካው ውስጥ አጋዘን አለ፤ ወደ ተፈጥሯዊ ምግባቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ የሰው ሥጋ የቀመሰ አይተውም የሚለውን የቆየ አባባል ይሄ ያፈርሰዋል። ወሳኙ የትናንቱ ጣዕም ሳይሆን ዛሬ የሚደረስበት ምግብ ነው።

የነብሮቹ ታሪክ ግን ለየት ይላል። ነብር የሞተ ነገር ካገኘ አይንቅም። ሂንዱዎች ሬሳ ያቃጥላሉ። ወረርሽኝ ሲመጣና ሟች ሲበዛ ግን በእነዚያ ተራሮች ላይ እንጨቱም ጉልበቱም አይበቃም፤ ስለዚህ በሟች አፍ ውስጥ የእሳት ፍም አስቀምጠው ሬሳውን ወደ ገደል ይጥሉት ነበር። ነብሩ ያለ ድካም ምግብ አገኘ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሬሳው ይቆማል፤ የነብሩ ልማድ ግን ይቀራል። ኮርቤት በ1910 የገደለው የፓናር ነብር 400 ሰው ጨርሷል፤ የጀመረው ከኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ ነው። ከሁሉ የታወቀው የሩድራፕራያግ ነብር ደግሞ የጀመረው ከ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኋላ ነው። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው፣ ያው በሽታ ማለት ነው።

የሩድራፕራያግ ነብር ለስምንት ዓመት፣ ከ1918 እስከ 1926፣ ወደ ቅዱሳን ቦታዎች ወደ ኬዳርናትና ባድሪናት የሚወስደውን የተሳላሚዎች መንገድ ያዘ። በመዝገብ 125 ሰው ገደለ። ፀሐይ ሲጠልቅ ያ ሁሉ አገር በሩን ይቀረቅር ነበር። ወጥመድ፣ መርዝ፣ ጥይት፣ ሁሉም ተሞክሮ ሁሉንም አመለጠ። ኮርቤት ስንትና ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ዛፍ ላይ አደረ። በመጨረሻ በግንቦት 1926 ጎላብራይ በምትባል ቦታ፣ ከማንጎ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል የታሰረላትን ፍየል ለማጥመጃ አስቀምጦ በጨለማ ገደለው። ጠዋት ሲያየው ሰይጣን ነው የተባለለት ፍጡር ያረጀ ነብር ነበር፤ ጥርሱ ያለቀና የወየበ፣ አንድ ክራንቻው የተሰበረ። ኮርቤት ስለዚህ ነብር ሲጽፍ ጥላቻ የለውም። ይሄ እንስሳ የተፈጥሮን ሕግ አልጣሰም፣ የጣሰው የሰውን ሕግ ነው፣ ያውም ለመኖር ብሎ ነው የሚል ሐሳብ ነው ያሰፈረው። ለዚያ ሁሉ ሟች ቤተሰብ ይሄ እንደማያጽናና ያውቃል። እሱም አዝኖለት አልተወውም፤ ገድሎታል። ግን መግደልና መክሰስ ለየብቻ ናቸው።

ይሄ ሁሉ የሕንድ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። አገባን እንጂ! ኮርቤት ልጅ ሳለ፣ በ1887፣ የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ። ደስታ በሽታ የምንለው ነው። በሬው ሁሉ አለቀ፣ የሚያርስ ጠፋ፤ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ መጣ። የዱር ጎሹና ሌላው ሣር በልም በዚያው በሽታ ረገፈ። ያን ጊዜ ጅቡና አንበሳው ሰው ላይ እንደዞረ የዘመኑ ታሪክ ይናገራል። በሽታው ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያን ከመታ በኋላ ነው በ1898 ሁለት የጻቮ አንበሶች የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን እየነጠቁ ሥራውን ያስቆሙት። ከሁለቱ አንዱ ክራንቻው ተሰብሮ ሥሩ መግል የያዘ መሆኑ ኋላ ታይቷል። ከኩማዮን እስከ ጻቮ ያው ምክንያት ነው፤ የጠፋ ምግብና የተሰበረ ጥርስ።

የቅርቡን ከፈለጋችሁ ደግሞ ጅቦቻችን አሉላችሁ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ የጅቦችን ዐይነ ምድር ሰብስቦ ውስጡ ያለውን ፀጉር እየለየ ምን እንደበሉ አየ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ሉካንዳው ይዘጋል፣ የአጥንትና የአንጀት ትራፊ ይጠፋል። ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረው የአህያ ፀጉር በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ሰው ጾመ፣ ጅቡ አህያ አደነ! የእኛ ገበታ የእሱን ጠባይ ይቀይረዋል ማለት ነው።

ኮርቤት ከጊዜ በኋላ ጠመንጃውን እየተወ ካሜራ አነሣ፤ ታይገሮችን በፊልም ይቀርጽ ጀመር። ቅዱስ ነበር አልላችሁም። በ1930 ፖዋልጋር በሚባል ቦታ የገደለው ግዙፍ ታይገር ማንንም ሰው አልበላም ነበር፤ የዘመኑ አዳኞች ሁሉ የሚመኙት ትልቅ እንስሳ ስለሆነ ነው የተገደለው። ደግሞም የቅኝ ገዢው ሥርዓት አካል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 500 የኩማዮን ሰዎች መልምሎ ለጉልበት ሥራ ፈረንሳይ ወስዷል፤ በሁለተኛው ደግሞ ወታደሮችን የጫካ ውጊያ አስተምሯል። በእነዚያ ዓመታት ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየው፦ አጋዘኑን አድነን ከጨረስን፣ ጫካውን መንጥረን ካረስነው፣ ታይገሩ የሚበላው የእኛን ከብትና እኛን ነው። ስለዚህ በ1936 የተቋቋመውን የእስያ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ እውን ለማድረግ ከደከሙት አንዱ ሆነ።

የመጨረሻዋን ሰው በላ በታክ መንደር የገደለው በኅዳር 1938፣ በ63 ዓመቱ ነው። እሷም ሰውነቷ ላይ ሁለት የቆዩ የጥይት ቁስሎች ተገኙባት፤ አንዱ መርቅዞ ነበር። ልክ እንደ ቻምፓዋቷ፣ ይቺንም ሰው በላ ያደረጋት አንድ ተኩሶ ያቆሰላት ሰው ነው። የዚያን ሰው ስም ማንም አያውቀውም፤ ዋጋውን የከፈሉት የታክ ገበሬዎች ናቸው።

በ1944 የኩማዮን ሰው በላዎች ታሪክ የተሰኘው መጽሐፉ ወጥቶ ዓለም አወቀው። ሕንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 ከማጊ ጋር ወደ ኬንያ ሄዶ ኒየሪ ተቀመጠ። በየካቲት 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ ኒየሪ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ በተሠራ ሆቴል አድራ የዱር እንስሳት ስትመለከት አብሯት ነበር፤ አባቷ ንጉሡ የሞቱትና እሷ ንግሥት የሆነችው በዚያው ሌሊት ነው። ኮርቤት ሚያዝያ 1955 በ79 ዓመቱ ሞተ፤ እዚያው ኒየሪ ተቀበረ። ሕንዶች ያንን ፓርክ በስሙ ሰየሙለት። በ1973 ሕንድ ታይገሮቿን ከመጥፋት ለማዳን የጀመረችው ትልቁ ፕሮጀክት የተመረቀውም እዚያ ነው። ፕሮጀክቱ ደግሞ ታይገሩን ብቻ ሳይሆን ጫካውንና አጋዘኑንም አብሮ የሚጠብቅ ነው፤ ምግቡ ከሌለ ታይገሩም የለምና።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ጅብ ሕፃን ነከሰ፣ አንበሳ በረት ሰበረ የሚል ዜና ሲመጣ ከታች የሚጻፈው አስተያየት ያው ነው፤ ይገደል፣ ይጥፋ። ልጁን የተነጠቀ ሰው በዚህ አይወቀስም፤ ኮርቤትም አደጋው ሲመጣ መግደሉን አላመነታም። ገድሎ ሲጨርስ ግን ጥርሱንና መዳፉን ያይ ነበር፤ በአካባቢው የጠፋው ምግብ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። እኛ ጋ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ካልተገኘ፣ አንዱን ጅብ ገድለን የቄራውን ተረፈ ምርት እንዴት እንደምናስወግድ፣ የዱር ሣር በሉን ማን እንደጨረሰው ሳናይ እናልፋለን፤ በሚቀጥለው ወር ሌላው ጅብ ይመጣል።